የደባርቁ ንፍሮ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መዳረሻ ከሆነችው ከደባርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገብስና የባቄላ እርሻ ሁለት ቀን አረፍን። መብራት የለም፤ ሌሊቱ ጋቢ ደርበንም ያንቀጠቅጣል። የሄድነው ፊዚክስን ለመርሳት ነበር፤ አልሆነም።

ለእራት የተጣደው የባቄላ ንፍሮ ሳይበስል መሸ። ርቦን ስለነበር ማሰሮው እየተንተከተከ ሳለ እንጨት ጨመርንበት። የቤቱ እመቤት ሳቅ ብለው፣ «ይተዉት፣ መምህር፤ እንጨቱን አይጨርሱብን» በማለት መልሰው ጎተቱት።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ እንኳ ስለማይሞላ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ባቄላውም ይዘገያል። ውኃው አንዴ ከፈላ ደግሞ የምንጨምረው እሳት እንፋሎቱን እንጂ የሙቀት መጠኑን አያሳድግም። አንድ ሊትር የፈላ ውኃን ተንኖ እስኪያልቅ ማንደድ፣ ያንኑ ውኃ ከ15 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ከሚበቃው የሙቀት ኃይል ሰባት እጥፍ ያህል ይፈጃል። ይህንን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እናስተምራለን!

እንጨቱን ከባሕር ዛፉ ተክል በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው የእመቤቲቱ ልጅ ነበረች። ንፍሮው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በረመጥ ላይ በሰለ።