የማያርፈው ፍሪጅ ለምን ትንሽ ይቆጥራል?

ያለማቋረጥ የሚሠራ ሞተር ከሚያርፈው ያነሰ መብራት ይቆጥራል ቢባል ለብዙዎች አይዋጥም። የተለመደው የፍሪጅ ኮምፕረሰር በ50 ኸርዝ መስመር በደቂቃ 3000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ወይ በሙሉ ፍጥነቱ ይሠራል፣ ወይ ይጠፋል። ኢንቨርተር ያለው ግን የመስመሩን ኮረንቲ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥሎ ፍሪኩዌንሲው እንደተፈለገው ወደሚቀያየር ኮረንቲ ለውጦ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ እያስተካከለ ሳያርፍ በዝግታ ይሠራል። ትልቁ ቁጠባ ሻጮች እንደሚሉት ሞተሩ ሲነሣ ከሚስበው ኮረንቲ አይደለም፤ ያ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ሞተሩ ሲዘገይ ከኋላ ያለው ቱቦ ሙቀቱን በእርጋታ ስለሚያስወጣ የጋዙ ግፊት ዝቅ ይላል፣ የሞተሩም ሥራ ይቀላል። «ኢንቨርተሩ ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ቢቃጠልስ?» የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው፤ ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር አንድ ጥገና የተቆጠበውን ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ፍሪጁ የሚችለውን የቮልቴጅ መጠን ይጠይቁ፤ የቦርድ መለዋወጫ መኖሩንም ያረጋግጡ።