ጥርሳቸው ውስጥ የቀረችው ብረት

ሰሞኑን አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር የጥርስ ራጅ ላከችልኝ። «ዶክተር፣ ሥሩ ውስጥ ያለችው ነጭ መስመር የተሰበረ ፋይል ናት ተባልኩ። የሠራልኝ ሐኪም ግን ምንም አልነገረኝም። ላስነቅለው?» ትላለች። ለእሷ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር። ግን እኔም ፋይል ሰብሬ ስለማውቅ እዚሁ ልጻፈው።

ፋይል ስል የቢሮውን አይደለም። የጥርስ ነርቭ ስንሠራ የሥሩን ቦይ የምንሞርድባት ቀጭን መርፌ መሰል መሣሪያ ናት። ቀጫጭኖቹ ጫፋቸው ላይ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ናቸው፤ ከዚያም የሚያንሱ አሉ። ሕዝቡ ሥራውን «ነርቭ መግደል» ይለዋል። ስሙን አልወደውም። እኛ የምናደርገው የታመመውን ወይም የሞተውን ሥጋ አውጥተን፣ ቦዩን አጥበን መድፈን ነው።

ፋይል የሰበርኩባቸው ታካሚዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ። የታችኛው የመጀመሪያ ትልቁ መንጋጋቸው ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሳቸው መጡ። ሲመጡ አንድ ፓኮ አሞክሳሲሊን ጨርሰዋል፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። አይገርምም። ነርቩ ገና በሕይወት እያለ ተቆጥቶ በጠባብ ክፍል ሲታፈን የሚመጣውን ሕመም አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም። እብጠትና ትኩሳት ከሌለ መድኃኒቱን መዋጥ ትርፉ ጀርሞችን መድኃኒት ማለማመድ ነው። ይህንን በሌላ ቀን በሰፊው እመለስበታለሁ።

ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው። ከፊት ባለው ሥር ውስጥ ያሉት ሁለቱ ቦዮች ቀጭንና ጎባጣ ናቸው። የኋለኛውን ሰፊ ቦይ ጨርሼ፣ ከፊተኞቹ አንዱን በሞተር እየሠራሁ ሳለ ፋይሉን ሳወጣው አጠረብኝ። የሚሞርደው ክፍሉ 16 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በእጄ ያለው 13 ገደማ ነበር። ረዳቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ማለት አምሮኝ ነበር። ታካሚዬ ደንዝዘዋል፣ አፋቸው ላይ ጎማ ተወጥሯል፣ የተሰበረችው ብረት አትጎረብጥ፣ አታምም። ቦዩን ብደፍነው ራጁ ላይ ብረቷና ሙሌቱ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም። ብዙዎቻችን በዚያች ደቂቃ የምናስበው ይኸንኑ ነው፤ ያልሰበረ ሐኪም ካለ ወይ ሥራውን ገና አልጀመረም ወይ አይናገርም። ግን ራጅ አነሳሁ፣ ጎማውን አወጣሁ፣ ወንበሩን ቀና አደረግሁና ስክሪኑን እያሳየሁ ነገርኳቸው።

«መርፌው ተሰበረ ነው የምትለኝ?»

«አዎ እናቴ። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውስጥ ቀርቷል።»

ትንሽ ዝም ብለው፣ «ስንት ሰፍተህበታል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያ ፋይል ስንተኛ ጥርሱ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፣ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ገበያ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ በእንፋሎት እያመከንን ደግመን እንሠራበታለን። ማምከን ጀርሙን ይገድላል እንጂ የደከመ ብረት አያጠነክርም። እሳቸው ይህንን ከእኔ በፊት ያውቁታል። «ጂንስ የሰፋ መርፌ ለዓይን ደህና ነው። በማግስቱ ስስ ጨርቅ ላይ ኩምሽ ይልብሃል» አሉ፤ የደነዘዘ ከንፈራቸው እያንሸዋረረባቸው።

ልክ ናቸው። ድሮ ፋይል የሚሠራው ከብረት ብቻ ነበር። ሲደክም ጠመዝማዛው ይላላል ወይም ይጎብጣል፤ ታየዋለህ፣ ትጥለዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኒኬልና ቲታኒየም ከተቀላቀለበት ሽቦ ፋይል መሥራት እንደሚቻል ተጻፈ። ይህኛው እንደ ጅማት ይተጣጠፋል፣ ጎባጣውን ቦይ ተከትሎ ይወርዳል፣ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ጉዱ እዚያ ላይ ነው፤ ድካሙን ይደብቃል። ሽቦ ወዲያ ወዲህ እያጠፋችሁ በእጃችሁ በጥሳችሁ ታውቃላችሁ? ጎባጣ ቦይ ውስጥ በደቂቃ 300 ዙር ያህል የሚሽከረከር ፋይል በእያንዳንዷ ዙር እንደዚያ ይታጠፋል።

ፋይሉ ከተሰበረ ወዲያ ምርጫው ሦስት ነው። ማውጣት፣ በጎኗ ሾልኮ ማለፍ፣ ወይም ትቶ እስከ እሷ ድረስ መድፈን። ማውጣት ለጆሮ ደስ ይላል፤ ታካሚውም የሚፈልገው እሱን ነው። ግን በማይክሮስኮፕ እያዩ በአልትራሳውንድ ጫፍ ዙሪያዋን ሲቦረቡሩ የሚሄደው የጥርሱ የራሱ አካል ነው። ሥሩ ይሳሳል፤ ካልቀናም በጎን ይበሳል። ብረቷ ከጉብጠቱ በላይ ስትሆን ዓይን ያገኛታል፣ ይሞከራል። ከጉብጠቱ በታች ከሆነች ግን ለእሷ ሲባል ጥርሱ ሊጠፋ ይችላል። የእሳቸው ከታች ነበረች። በቀጭን ፋይል በጎኗ ለማለፍ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ይህንን ሥራ ብቻ ለሚሠራ ባልደረባዬ ራጁን ላክሁለት፤ «ተዋት» አለኝ።

«ብረት አፌ ውስጥ ትቼ ልሂድ?» አሉ። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚደነግጠው። ብረቷ ግን ራሷ በሽታ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች ያሳተሙት የአይጥ ጥናት አለ። የአይጦቹን ጥርስ እስከ ነርቩ ድረስ ቦረቦሩና ክፍቱን ተዉት። እንደማንኛውም አይጥ ያደጉት ነርቫቸው ሞተ፣ መግልም ያዘ። ከማንኛውም ጀርም ርቀው ያደጉት ግን ምግብ ቀዳዳው ውስጥ እየተጠቀጠቀ እንኳ ነርቫቸው አልሞተም፤ ጭራሽ በላዩ አዲስ የጥርስ አካል ሠራ። ጥርስን የሚያመገለው ጀርም ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከብረቷ በታች ምን ቀረ?» የሚለው ነው። የእሳቸው ነርቭ በሕይወት ነበር፤ ሥሩ ጫፍ ላይም ቁስል አልነበረም። እነዚያ ሁለት የፊት ቦዮች ደግሞ ታች ላይ ተገናኝተው ስለነበር በሌላኛው በኩል ገብቼ አጠብኩ። ጥርሱ ቀድሞ ሞቶ፣ መግል ይዞ፣ ፋይሉም ገና በመጀመሪያው ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላጽናናቸውም ነበር።

ካርዳቸው ላይ የት እንደቀረች፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነች ጻፍኩ፤ የራጁንም ቅጂ ሰጠኋቸው። ለክትትሉ ገንዘብ አልተቀበልኩም። ጥርሱም በጊዜያዊ ሙሌት ብዙ ሳይቆይ ክራውን የሚባለውን ሽፋን ለበሰ፤ ሙሌቱ ካፈሰሰ ያጠብነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፋይል መሰበር ያስደነግጣል እንጂ እኔ ይበልጥ የምፈራው በረኪናን ነው። አዎ፣ የልብስ ማጠቢያው። ቦዩን የምናጥበው በዚያው ኬሚካል ነው፤ ከ0.5 እስከ 5 በመቶ ገደማ እናደርገዋለን። የሞተ ሥጋ ያሟሟል፣ ጀርም ይገድላል። የስሪንጁ መርፌ ቦዩ ውስጥ ተሰንቅሮ በኃይል ከተገፋ ግን በሥሩ ጫፍ አልፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የዚያኔ ማደንዘዣውን ጥሶ የሚመጣ ማቃጠል አለ፤ ጉንጭ በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል፣ ይበልዛል። አብዛኛው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፤ የመጀመሪያ ቀን በበረዶ፣ ከዚያ በሞቀ ጨርቅ፣ በማስታገሻና በቅርብ ክትትል። ግን ሐኪሙ ቶሎ እንዲያቆም እጃችሁን ማንሳት አለባችሁ። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ይጎዳናል። «ዶክተሩን ላላስቸግረው» ብሎ ጥርሱን ነክሶ የሚችል ሰው ስንቱን አይቻለሁ፤ መንከስ እንኳ በማይቻልበት ወንበር ላይ!

ሌሎችም አሉ። የላይኛው መንጋጋ አራተኛ ቦዩ ሳይገኝ ይቀርና ሕመሙ አልለቅ ይላል። ሥሩ በጎን ይበሳል፤ ይኸኛውን ቶሎ ከደረሱበት ለዚሁ በተሠራ ሲሚንቶ መድፈን ይቻላል። ከሥራው በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ሲያኝኩ መጠዝጠዝ ግን የተለመደ ነው። በማግስቱም ከንፈራችሁ እንደደነዘዘ ከሆነ ደውሉ። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን መደወልም አያስፈልግም፤ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል።

እና እህቴ፣ አታስነቅዪው፤ ቢያንስ አሁን አይሆንም። መጀመሪያ ከሥራው በፊት የተነሳውን ራጅ ጠይቂ፤ የሥሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ነበረ ወይ? ድድሽ ላይ መግል የሚያወጣ ብጉር ከሌለ፣ ስታኝኪም ካላመመሽ፣ በስድስት ወርና በዓመቱ ራጅ እየተነሳሽ መጠበቅ ይቻላል። ጥላው ካደገ ያኔ ደግሞ መሥራት፣ የሥሩን ጫፍ በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ወይም መንቀል ይመጣል። አለመንገሩ ግን ጥፋት ነው፤ ሐኪሙ ባልደረባዬ ቢሆንም አልሟገትለትም።

ልብስ ሰፊዋ በዓመታቸው ለክትትል መጡ፤ ራጁ ንጹሕ ነው፣ ብረቷም እዚያው ናት። ባለፈው ወር ደግሞ በሌላኛው ጎን ላለው ጥርስ መጡ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ፣ «መርፌው ስንተኛው ነው?» አሉኝ።

«አዲስ ነው እናቴ።»

«እስቲ ማሸጊያውን አሳየኝ።»