የቶሮንቶ ራፕተርስ አስተዳደርና በውድድር ዘመን አጋማሽ የሚደረጉ የተጫዋች ልውውጦች

ቶሮንቶ ራፕተርስ በሰሜን አሜሪካው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የሚወዳደር የካናዳ ቡድን ነው። የተመሠረተው በ1995 ሲሆን ዛሬ ከሊጉ 30 ቡድኖች መካከል መቀመጫው ከአሜሪካ ውጭ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው የቡድኑን ጨዋታ ሳይሆን ከጨዋታው ጀርባ ያለውን ቢሮ ነው። ውድድሩ እየተካሄደ ሳለ ማን ይቀራል፣ ማን ይሰጣል፣ በምትኩስ ማን ይመጣል የሚለውን የሚወስነው ይህ ቢሮ ነው። በተለይ ማሳይ ኡጂሪ ቡድኑን በመሩባቸው ዓመታት (ከ2013 እስከ 2025) የተወሰኑት ውሳኔዎች ጎልተው ይታያሉ፤ አንዱ ለዋንጫ አብቅቷል፣ ሌላው ደግሞ ቡድኑን ዋጋ አስከፍሏል። በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልውውጡ እንዴት ይሠራል

በእግር ኳስ የጥር የዝውውር መስኮት ሲከፈት ክለቡ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች ይገዛል። በኤንቢኤ እንዲህ ዓይነት ግዢ የለም። በውል ላይ ያለ ተጫዋች የሚገኘው ሌላ ተጫዋች ወይም የድራፍት መብት በመስጠት ነው። ድራፍት (ከመጠጡ ጋር ግንኙነት የለውም) በየዓመቱ በበጋ ወራት ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። አንድ ቡድን ከዓመታት በኋላ የሚደርሰውን የመምረጥ ተራ ዛሬ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ይችላል። ተጫዋቹ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም፤ ጠዋት በአንድ ከተማ ልምምድ ሠርቶ ማታ የሌላ ከተማ ተጫዋች ሆኖ ሊያድር ይችላል።

መደበኛው ውድድር ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል የሚዘልቅ ሲሆን እያንዳንዱ ቡድን 82 ጨዋታ ያደርጋል። ልውውጥ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ልውውጥ ባይኖርም አንድ ቀዳዳ ይቀራል፦ ከቡድኑ ጋር ተስማምቶ ውሉን ያፈረሰ ተጫዋች እስከ ማርች 1 ከተለቀቀ ለሌላ ቡድን ፈርሞ በጥሎ ማለፉ መሰለፍ ይችላል።

ሌላው ገደብ የደመወዝ ጣሪያ ነው። በ2018-19 የውድድር ዘመን ጣሪያው ወደ 101.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን ልውውጥ ሲያደርግ የሚቀበለው ደመወዝ ከሚሰጠው እጅግ ሊበልጥ አይችልም። አንድን ከፍተኛ ተከፋይ ለማግኘት ሁለትና ሦስት ተጫዋች አብሮ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ተጫዋቹ ሦስት ሰው ስለሚያክል አይደለም። የድራፍት መብትም ቢሆን እንደልብ አይሰጥም፤ በተከታታይ ለሚመጡ ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር መብትን አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው። ይህ ደንብ በ1980ዎቹ የክሊቭላንድ ባለቤት በነበሩት በቴድ ስቴፒየን ስም ይጠራል። ሰውየው የቡድናቸውን የወደፊት መብቶች እየሰጡ ስለጨረሱ የወጣ ደንብ ነው።

በእነዚህ ገደቦች መካከል አስተዳደሩ በየክረምቱ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ይህ ቡድን ዘንድሮ ማሸነፍ ይችላል ወይስ አይችልም? ከቻለ የነገውን ሰጥቶ የዛሬውን ያጠናክራል። ካልቻለ ውላቸው ሊያልቅ የተቃረቡትን ተጫዋቾች ዋጋ እያላቸው ይለውጣል፤ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በበጋ ወደፈለገበት ሲሄድ ቡድኑ ምንም አያገኝምና። ሦስተኛው ምርጫ ባሉበት መቆየት ነው። ስህተት የማይመስለው ይህኛው ነው።

ውሳኔ ሰጪዎቹ

ማሳይ ኡጂሪ ያደጉት በናይጄሪያ ዛሪያ ከተማ ነው። ወደ ኤንቢኤ የገቡት ለኦርላንዶ ማጂክ ያለ ደመወዝ በተጫዋች መልማይነት በመሥራት ነበር። በ2010 የዴንቨር ነጌትስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፣ በ2013 የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ሥራ አስኪያጅ ተብለው ተሸለሙ፣ በዚያው ዓመት ቀደም ሲል በምክትልነት ወደ ሠሩበት ቶሮንቶ በኃላፊነት ተመለሱ። ከ2017 ጀምሮ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ቦቢ ዌብስተር ደግሞ ከዚያ በፊት በሊጉ ዋና መሥሪያ ቤት በደመወዝ ጣሪያና በውል ደንቦች ላይ ይሠሩ ነበር። ከላይ ያየናቸውን ደንቦች ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የሩዲ ጌይ ልውውጥ (2013)

ኡጂሪ ሲመጡ ራፕተርስ ከ2008 ወዲህ ጥሎ ማለፍ ገብቶ አያውቅም ነበር። በ2013-14 መጀመሪያ ላይ 6 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። የቡድኑ ከፍተኛ ተከፋይ ሩዲ ጌይ በጨዋታ በአማካይ ከ19 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር፤ ነገር ግን ከሚወረውረው 100 ኳስ የሚገባለት 39 ያህሉ ብቻ ነበር። የዓመት ደመወዙ ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

ዲሴምበር 9 ቀን 2013 ጌይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሳክራሜንቶ ተላከ። በምትኩ ግሬቪስ ቫስኬዝ፣ ፓትሪክ ፓተርሰን፣ ጆን ሳልመንስና ቸክ ሄይስ መጡ። ከአራቱ አንዳቸውም ኮከብ አልነበሩም። ብዙ ደጋፊ የተረዳው ቡድኑ ሆን ብሎ እየተሸነፈ በቀጣዩ ድራፍት የቶሮንቶን አካባቢ ልጅ አንድሩ ዊጊንስን ሊያገኝ ነው ብሎ ነበር። ካይል ላውሪም ሊሸጥ ጫፍ ደርሶ እንደነበር፣ ልውውጡን ያስቀሩት የኒው ዮርክ ኒክስ ባለቤት እንደሆኑ በሰፊው ተዘግቧል።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ኳሱ በአንድ ሰው እጅ መቆሙ ቀርቶ ለላውሪና ለዴማር ዴሮዛን ደረሰ፣ ከተቀያሪ ወንበር የሚነሱት አራቱ ደግሞ ቡድኑን አጠነከሩ። ከልውውጡ በኋላ ራፕተርስ 42 አሸንፎ 22 ተሸነፈ፣ ዓመቱንም በ48 ድል ጨረሰ። አስተዳደሩ ይህን አስቀድሞ አይቶታል ማለት ያስቸግራል። ሊመሰገን የሚገባው ውጤቱ ሲለወጥ እሱም ማፍረሱን ትቶ ቡድኑን እንዳለ ለማቆየት በመወሰኑ ነው።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2019

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቡድኑ በመደበኛው ውድድር ጠንካራ፣ በጥሎ ማለፉ ግን ለሌብሮን ጄምስ ክሊቭላንድ ተሸናፊ ሆነ። በ2017 አጋማሽ ሰርጅ ኢባካና ፒ. ጄ. ተከር ቢጨመሩም ሦስት ዓመት በተከታታይ ከውድድር ያስወጣው ክሊቭላንድ ነው። በ2018 4 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ አሰልጣኙ ድዌይን ኬሲ ተሰናበቱ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ። በጁላይ ደግሞ በከተማው እጅግ የሚወደደው ዴሮዛን ለካዋይ ሌናርድ ተለወጠ። ካዋይ በውሉ ላይ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ዴሮዛን እንደተካደ ተሰማው፤ ኡጂሪም በመካከላቸው ለተፈጠረው አለመግባባት በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የአጋማሹ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነበር። የካዋይ አንድ ዓመት ካለፈ ሌላ ዕድል ላይኖር ይችላል። የጎደለው ከምሥራቁ ትልልቅ ሰዎች ጋር ቅርጫት ሥር የሚታገል ሴንተር ነው። ዮናስ ቫላንቹናስ ጎበዝ አጥቂ ቢሆንም በዲሴምበር አውራ ጣቱ ወልቆ ከሜዳ ርቆ ነበር።

ልውውጡ በሚዘጋበት ቀን ማርክ ጋሶል ከሜምፊስ መጣ። የተሰጡት ቫላንቹናስ፣ ዴሎን ራይት፣ ሲ. ጄ. ማይልስና የ2024 የሁለተኛ ዙር መብት ናቸው። ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። የጋሶል ደመወዝ ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቫላንቹናስ ወደ 16.5፣ ማይልስ ወደ 8.3፣ ራይት ወደ 2.5 ሚሊዮን ያገኙ ነበር። ቫላንቹናስ ብቻውን ቢሰጥ ደንቡ አይፈቅድም፤ ከማይልስ ጋር ሲደመር ግን ይበቃል። ራይት የተጨመረው ለሜምፊስ ዋጋ ያለው ወጣት ስለሆነ ነው። በዚያው ቀን ግሬግ ሞንሮና ማላካይ ሪቻርድሰንም ወደ ሌሎች ቡድኖች ስለተላኩ አምስት ሰው ወጥቶ አንድ ሰው ገባ። ክፍት ቦታው በቀጣዮቹ ሳምንታት ከአትላንታ ጋር ውሉን ባፈረሰው ጄረሚ ሊንና በሌሎች ተሞላ።

ጋሶል በሜምፊስ በአማካይ ወደ 16 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ በቶሮንቶ ወደ 9 ወረደ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ልውውጡ ከሽፏል ሊል ይችል ነበር። በጥሎ ማለፉ ግን በመደበኛው ውድድር ከ20 ነጥብ በላይ ያስቆጥር የነበረውን የኦርላንዶውን ኒኮላ ቩቼቪችን ወደ 11 አወረደው። ቀጥሎ የፊላደልፊያው ጆኤል ኤምቢድ ተራ ሆነ፤ 27.5 የነበረው የኤምቢድ አማካይ ወደ 18 ዝቅ አለ። ይህ ሰባት ጨዋታ የፈጀ ግጥሚያ የተቋጨው በካዋይ የመጨረሻ ሰከንድ ውርወራ ነው፤ ኳሱ ቀለበቱን አራት ጊዜ ነጥሮ ገባ። አራት ጊዜ ነጥሮ ቢወጣ ኖሮ ስለ ጋሶል ልውውጥ ምን ይጻፍ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጁን 13 ቀን 2019 ራፕተርስ ጎልደን ስቴትን 4 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። ካዋይ በሚቀጥለው ወር ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሄደ።

ሜምፊስም አልተጎዳም፤ ቫላንቹናስ በዚያው ዓመት በቀሩት ጨዋታዎች በአማካይ ወደ 20 ነጥብ አስቆጥሯል።

የተላለፉት ቀኖች (2021 እና 2023)

በ2020-21 በኮሮና ምክንያት ድንበር በመዘጋቱ ራፕተርስ የሜዳውን ጨዋታዎች በፍሎሪዳ ታምፓ ከተማ አደረገ። የዚያ ዓመት የመዝጊያ ቀን ማርች 25 ነበር፤ ላውሪ 35ኛ ዓመቱን የሞላበት ዕለት። ውሉ ሊያልቅ ወራት ቀርተውት ሳለ ከብዙ ወሬ በኋላ ሳይለወጥ ቀረ። በበጋ ወደ ማያሚ ሲሄድ ግን ቡድኑ በስምምነት ጎራን ድራጊችንና ፕረሸስ አቹዋን ስላገኘ ባዶ እጁን አልቀረም።

የ2023 ከዚህ የከፋ ነው። በፌብሩዋሪ ቡድኑ ከግማሽ በታች ያሸነፈ ነበር። ፍሬድ ቫንቭሊት በበጋ ከውል ነጻ መሆን ይችል ነበር፤ የኦ. ጂ. አኑኖቢና የፓስካል ሲያካም ውልም ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ነበር። ብዙዎች ቡድኑ ይሸጣል ብለው ጠበቁ። አስተዳደሩ ግን ገዛ፦ በ2018 ከዴሮዛን ጋር የሰጠውን ያኮብ ፖልትልን ከሳን አንቶኒዮ መለሰው። የከፈለውም የ2024 የመጀመሪያ ዙር መብትን፣ ሁለት የሁለተኛ ዙር መብቶችንና ኬም በርችን ነው።

ፖልትል ራሱ ጥሩ ተጫዋች ነው። ችግሩ ልውውጡ ለጥያቄው ግማሽ መልስ መሆኑ ነው። ቡድኑን ለዋንጫ የሚያበቃ አልነበረም፣ ለነገም አላስቀመጠም። ራፕተርስ 41 አሸንፎ 41 ተሸነፈ፤ ወደ ጥሎ ማለፉ ለመግባት በተደረገው አንድ ጨዋታ ከ36 ነጻ ውርወራ 18ቱን ስቶ በቺካጎ ተሸነፈ። ለቺካጎ ይጫወት የነበረው ደግሞ ዴሮዛን ነው። አሰልጣኙ ኒክ ነርስ ተሰናበቱ። በጁላይ ቫንቭሊት ለሂዩስተን ሲፈርም ራፕተርስ በምትኩ ምንም አላገኘም። ለሳን አንቶኒዮ የተሰጠው መብትም በ2024 ስምንተኛ ተራ ሆኖ ወጣ።

የአኑኖቢና የሲያካም መሰናበት

በቀጣዩ ዓመት ውሳኔው መጣ፣ ግን ዘግይቶ። ዲሴምበር 30 ቀን 2023 አኑኖቢ ወደ ኒው ዮርክ ተልኮ አር. ጄ. ባሬትና ኢማኑኤል ክዊክሊ መጡ። ጃንዋሪ 17 ቀን 2024 ደግሞ ሲያካም ለኢንዲያና ተሰጠ። በምትኩ ሦስት የመጀመሪያ ዙር መብቶች፣ ብሩስ ብራውንና ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ተገኙ።

ሲያካም ካሜሩናዊ ነው። በ2012 በደቡብ አፍሪካ በተካሄደ የኤንቢኤ የወጣቶች ካምፕ ተሳትፏል፣ በ2016 ድራፍት 27ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ በ2019 ዋንጫም ዋነኛ ተጫዋች ነበር። ኮከብ ለመሆን የበቃው በዚሁ ቡድን ስለሆነ የእሱ መሄድ ከሌሎቹ ይልቅ ከበደ። ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀሩት ውል ግን የመደራደር አቅምን ያሳንሳል፤ ኢንዲያናም ይህን ያውቃል። በ2025 ሲያካም የምሥራቁ ፍጻሜ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ኢንዲያናን ለሊጉ ፍጻሜ አደረሰ፤ ኦክላሆማ ሲቲ 4 ለ 3 አሸነፋቸው።

ራፕተርስ በ2023-24 25 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ከሲያካም ልውውጥ የተገኘው ግን አልጠፋም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2025 ብሩስ ብራውንና የኢንዲያና የ2026 የመጀመሪያ ዙር መብት፣ ከኬሊ ኦሊኒክና ከአንድ የሁለተኛ ዙር መብት ጋር፣ ለብራንደን ኢንግራም ተለወጡ። ኢንግራም ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ስለነበር በዚያ ዓመት ለቶሮንቶ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። በጁን 2025 ቡድኑና ኡጂሪ ተለያዩ፤ የቅርጫት ኳስ ውሳኔዎቹን ዌብስተር ተረከቡ።