መቅደላን ለማየት፤ ከጉዞ ማኅበር ጋራ ወይስ በገዛ ራስ?



ስለ አገር ጉብኝት በሬዲዮ መናገር ከጀመርሁ ወዲህ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። ይኸውም፣ «የዓመት ዕረፍታችንን ወስደን የመቅደላን አምባ ለማየት ብንነሣ፣ የጉዞ ማኅበር ወይም አስጎብኚ ድርጅት ባዘጋጀው አውቶቡስ መሄዱ ይሻለናል ወይስ በገዛ ራሳችን ተሰናድተን?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ሳያስቡ ተነሥተው፣ ገንዘባቸውንም ዕረፍታቸውንም ጨርሰው፣ መቅደላን ሳያዩ ከመቅደላ የተመለሱ ሰዎች አሉ። ከነዚያም አንዱ እኔ ነበርሁ።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ስሙን መጥራት ከማያስፈልገኝ አንድ የጉዞ ቡድን ጋራ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ከመካከላችን በዚያው ዓመት በሰኔ ጡረታ የሚወጡ፣ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የፈጁ አንድ አዛውንት ባልደረባ ነበሩ። የጉዞውን ገንዘብ የከፈሉት ከዕቁባቸው አውጥተው ነው። ደሴ አድረን ከሌሊቱ በ11 ሰዓት እንነሣለን ተብሎ የተነገረን፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ቁርስ ሲጠይቅ፣ የተነሣነው ከጧቱ በ2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ትልቁ አውቶቡስ ሊያልፍ ከማይችልበት ስፍራ ስንደርስም ወርደን በትንንሽ መኪናዎች ተከፋፍለን ተጫንን። ከአምባው ግርጌ የደረስነው 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የቡድኑ መሪ «ለመውጣትም ለመውረድም ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» አለን። ወጣቶቹ ሮጡ። አዛውንቱ እኔን ተደግፈው የመንገዱን እኩሌታ ያህል እንደ ወጡ የመመለሻው ፊሽካ ተነፋ። ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ እያጠበቁ ወደ ላይ ቀና ብለው ተመለከቱ፤ ምንም አልተናገሩም። ደሴ እስክንገባም አልተናገሩም።

ይህን የማወጋችሁ የጉዞ ቡድን ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ነገሩ የመጣው ከመቅደላ ከራሱ ጠባይ ጭምር ነውና ስለ ቦታው አስቀድሜ ጥቂት ልናገር።

ላሊበላ የሄደ ሰው፣ ጊዜ አጥሮት ቤተ ጊዮርጊስን በሩብ ሰዓት ብቻ አይቶ ቢመለስ እንኳ አንድ ነገር አይቷል፤ ሕንጻው ከዐይኑ ፊት ቆሟልና። የጎንደርም ግንብ እንደዚሁ ነው። መቅደላ ግን ባዶ ሜዳ ነው። ባዶ የሆነውም እንዲያው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በፋሲካ ማግሥት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በአምባው ላይ የነበረውን ንብረት ዘረፈ፤ ቤቶቹንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያንም አቃጠለ። ምርኮውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ፤ ከዚያም በደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ከሄዱት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ ለንደን ባለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የወርቁ ዘውድና ጽዋውም በዚያው ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ነው። እንግዲህ ዘውድ ለማየት ወደ መቅደላ የሚወጣ ሰው ከመነሻው መንገድ ስቷል።

በመቅደላ የሚታየው ዕቃ ሳይሆን አቀማመጡ ነው። አምባው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን በገደል ተከቦ ቆሟል። ከፊቱ ፋላና ሥላሴ የሚባሉት ተራሮች አሉ፤ በሥላሴና በመቅደላ መካከል ደግሞ እስላምጌ የሚባለው ሜዳ ተዘርግቷል። ከታች የአሮጌ ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ በጥልቁ የበሽሎ ወንዝ ነው። ከኮኬት በር ቆሞ ይህን ሁሉ በዝግታ የተመለከተ ሰው፣ በመጽሐፍ ሲያነበው ያልገባው ነገር ይገባዋል። በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን የቴዎድሮስ ጦር ከፋላ ቁልቁል ወደ አሮጌ ሲወርድ ምን ያህል መንገድ እንደ ነበረበት፣ ከሩቅ የሚመታው የጠላት ጠመንጃ ወደ 700 የሚሆነውን ሰው እንዴት አድርጎ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ጨረሰ፣ በመጨረሻውም ቀን ከንጉሡ ጋራ የቀሩት ጥቂቶች ከበሩ ላይ ሆነው ወደ እስላምጌ ሲመለከቱ ምን እንደ ታያቸው በዐይን ይለካል። ሴባስቶፖልም አለ። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ወደ ስድስት ወር ያህል እየተጎተተ የመጣው እርሱ ነው። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ምስሉን በየቀኑ እያያችሁ የምታልፉት ሁሉ፣ ዋናውን ለማየት ያንን ዳገት መውጣት ያስፈልጋችኋል። የዳገቱ ድካም ራሱ የጉብኝቱ አንድ ክፍል ነው፤ መድፉን የጎተቱት ሰዎች ምን እንደ ተሸከሙ የሚነግረን ጉልበታችን ነውና።

ስለዚህ በመቅደላ የምንገዛው ነገር ጊዜ ነው። ከማኅበር ጋራ ወይስ በገዛ ራስ የሚለውም ጥያቄ መፈታት ያለበት በዚሁ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በግሪክ አገር ሳንቶሪኒ የምትባል፣ እሳተ ገሞራ የሰነጠቃት ደሴት አለች፤ ዋናዋ ከተማ ፊራ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ በተነሣ ገደል ጫፍ ላይ ተሠርታለች። ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ከገደሉ በታች ይቆማሉ፤ በአሮጌው ወደብ የወረደ ሰው ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይወጣል፤ ይህን የማይፈልግ በገመድ በሚሳብ ሠረገላ ይወጣል። ቀኑን ውሎ ማታ መርከቡ ይነሣል። መርከቡ ራሱ ያዘጋጀውን ጉብኝት ከፍሎ የገባው መንገደኛ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። በገዛ ራሱ ደሴቲቱን ሲዞር የዘገየው ግን ከወደቡ ላይ ቆሞ የመርከቡን ኋላ ይመለከታል፤ እስከሚቀጥለውም ወደብ በገዛ ገንዘቡ መድረስ አለበት። እንግዲህ እዚያ ለመርከቡ የሚከፈለው ገንዘብ የአስጎብኚ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሰዓት ዋስትና ነው።

የእኛ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በሳንቶሪኒ ሰዓቱን የሚቈርጠው መርከቡ ነው፤ ወደ መቅደላ ስንሄድ ግን ሰዓታችንን የሚቈርጠው ከእኛው ጋራ የመጣው አውቶቡስ ነው። ከአውቶቡሱ የተላቀቀ ሰው የሚያመልጠው መርከብ የለበትም፤ ዛሬ ቢመሽበት ነገ ይወጣል።

ቢሆንም የማኅበሩን ጥቅም ማቃለል አይገባም። መኪና ቢሰበር የሚጨነቀው ሌላ ነው፤ ዋጋው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ ፈቃድና ማደሪያ ሌላ ሰው ይጨርስልናል። ብቻውን ለመሄድ ልቡ ለማይደፍር፣ ወይም ከሦስት ቀን በላይ ዕረፍት ለማያገኝ ሠራተኛ ሌላ መንገድ የለውም። የማኅበሮች ጉድለት ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ለማሳየት መስገብገባቸው ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ግሸንንና መቅደላን በአንድ ቅዳሜና እሑድ እናሳያለን የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ አውቶቡስ እንጂ አገር እንደማታዩ ዕወቁት። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጁን «በአምባው ላይ ስንት ሰዓት እንቆያለን? በዋዜማው የምናድረው ደሴ ነው ወይስ ተንታ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደሴ ነው ካላችሁና ከነጋ በኋላ የሚነሣ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ለሌላ ጉዳይ አቈዩት። ተንታ አድሮ በማለዳ የሚነሣ ማኅበር ካገኛችሁ ግን ሳትጠራጠሩ ግቡ፤ እኔም እንዲህ ያለውን ባገኝ እከተላለሁ።

በገዛ ራሱ የሚሄደው ደግሞ ከውጭ አገር ጎብኚ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ሀብት አለው፤ እርሱም ቋንቋ ነው። እንግዳው ያለ አስተርጓሚ ውሃ እንኳ ለመጠየቅ ይቸገራል፤ እኛ ግን ከወሎ ገበሬ ቤት ቡና ተፈልቶልን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአባቶቹ የሰማውን ሲያወጋን ማምሸት እንችላለን። ይህ በማንም አውቶቡስ አይሸጥም። እርግጥ የሽማግሌ ወግና የታሪክ መጽሐፍ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ከመነሣት በፊት የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ያነበበ ሰው ሁለቱንም እያመዛዘነ ያዳምጣል። ሳያነብ የሄደ ግን ሜዳውን አይቶ «ሌላስ ምን አለ?» ማለቱ አይቀርም፤ ይህን የሚሉ ብዙ ሰምቻለሁ።

ስለ አካሄዱ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን የሚሄድ ኮምቦልቻ ወርዶ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ደሴ ይወጣል። ከደሴ በኩታበር አድርጎ ወደ ተንታ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ነው። ብቻ መሄድን አልመክርም፤ ሦስት ወይም አራት ሆኖ አንድ ጠንካራ መኪና መከራየት ወጪውንም ሥጋቱንም ይቀንሳል። ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ መያዝ አይከፋም፤ ውሎ አበል የማይታሰብበት ጉዞ ቢሆንም ማኅተም ያለበት ወረቀት በየጽሕፈት ቤቱ ይከበራል። ተንታ ሲደርሱ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቆ የአገሩን ልጅ መሪ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው እላለሁ። በባዶ ሜዳ ላይ ይህ እስላምጌ ነው፣ ያ ፋላ ነው ብሎ ጣቱን የሚቀስር ሰው ከሌለ፣ ተራራው ሁሉ አንድ ይሆንብናል። ጉልበት ለከዳው ሰው በቅሎ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። አገሩ ደጋ ነውና ጋቢ አይረሳ። በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ውሃም እንደዚሁ። ሜዳው ላይ ሱቅ አይጠበቅም።

ከሁሉ የሚቀድመው የጸጥታ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ድረስ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ስለዚህ በማኅበርም ሆነ በገዛ ራሳችሁ ብትነሡ፣ በደሴና በተንታ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ በዋዜማው ደውላችሁ ስለ መንገዱ ጠይቁ። የማኅበር ማስታወቂያ ከወር በፊት የተጻፈ ነው፤ መንገድ ግን በአንድ ሌሊት ይለወጣል። «አትምጡ» ከተባለ፣ ዕረፍቱን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። አምባው የትም አይሄድም።

ከላይ ያነሣኋቸው አዛውንት ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር ከለንደን ተመልሶ ለኢትዮጵያ በተሰጠ ጊዜ፣ ወሬውን ከጋዜጣ ቈርጠው ይዘው መጥተው አሳዩኝና «ጠጕራቸው ይህን ያህል መንገድ ተመለሰ፤ እኔ ከግማሽ ዳገት ቀርቼ አርፌ ልቀመጥ?» አሉኝ። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ከልጃቸው ጋራ ሄዱ። ተንታ ሁለት ሌሊት አደሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ጉም ወርዶ ምንም ሳይታያቸው ተመለሱ፤ በሁለተኛው ቀን በበቅሎ ወጡ። ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው ያነሣውን ፎቶግራፍ ሰጡኝ፤ በጋቢ ተጠቅልለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ ከሴባስቶፖል አጠገብ ቆመዋል። እኔም በተራዬ የዓመት ዕረፍቴን ለመንገዱ መከፈት አቈይቼዋለሁ።