በዐውሎ ነፋሱ አምላክ ደጅ

በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ጊዮን የሚባል ሰፈር አለ። ጁላይ ሲገባ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ኪያር በአፋቸው አይዞርም። በዚያ ሙቀት ኪያር መተው! ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ኪያሩን አግድም ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት፤ የሰፈሩን የያሳካ ቤተ መቅደስ ዓርማ ይመስላል። የአምላክ ዓርማ ደግሞ በጥርስ አይነከስም።

የያሳካው አምላክ ሱሳኖኦ ይባላል፤ የዐውሎ ነፋስ ጌታ ነው። እ.ኤ.አ. በ712 የተጠናቀረው «ኮጂኪ» የተባለው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ፀሐይ የሆነችው የአማቴራሱ ወንድም ነው። የእህቱን የሩዝ ማሳ አበላሸ፤ ቆዳው የተገፈፈ ፈረስ በሸማኔዎቿ ቤት ጣሪያ ቀዶ ወረወረ። እሷ ደንግጣ ዋሻ ገባች፣ ዓለሙም ጨለመ። እሱ ከሰማይ ተባረረ። ኢዙሞ የሚባል አገር ወርዶ ግን ባለ ስምንት ራሱን እባብ በስምንት ጋን መጠጥ አስክሮ ገደለው፤ ሊውጣት የነበረችውን ልጅ አድኖ አገባት።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዘንድ ምን ሊለምኑ ይሄዳሉ? ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ ጤና! መቅሰፍቱን ማውረድ የሚችለው፣ መመለስም የሚችለው እሱ ነው ብለው ነው። በ869 ወረርሽኝ ሲገባ በ66ቱ አውራጃዎች ልክ 66 ጦር አቁመው ተማጸኑ። ዛሬ ጁላይን ሙሉ የሚከበረው የጊዮን በዓል የተጀመረው ያኔ ነው።

ወደ ያሳካ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ወደ ውሃው ገንዳ። በጭልፋው ግራ እጃችሁን፣ ቀጥሎ ቀኙን ታጠቡ፤ በመዳፋችሁ ውሃ ይዛችሁ ተጉመጥመጡ። ጭልፋውን ራሱን ከአፋችሁ እንዳታስነኩት! ከዚያ ሳንቲም ጣሉ፣ ሁለት ጊዜ እጅ ንሡ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቡ፣ ጸልዩ፣ በመጨረሻ አንዴ እጅ ነሥታችሁ ውጡ።

በበዓሉ ሰሞን ደግሞ ቺማኪ የሚባለውን፣ ከቀርከሃ ዓይነት ቅጠል የታሰረውን ክታብ ፈልጉ። የምግብ ቺማኪም ስላለ ይበላል ብላችሁ እንዳትፈቱት። ላዩ ላይ «የሶሚን ሾራይ ዘር ነኝ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሶሚን ሾራይ ድሃ ነበር። አንድ የመሸበት እንግዳ መጣ፤ ሀብታሙ ወንድሙ በሩን ዘጋበት፣ እሱ ግን ያለችውን አብልቶ አሳደረው። እንግዳው ለካ አምላኩ ኖሯል! «ዘርህን ከመቅሰፍት እጠብቃለሁ» ብሎት ሄደ። ለዚህ ነው የኪዮቶ ሰው ክታቡን ከበሩ በላይ የሚሰቅለው፤ በሽታው ሲያልፍ አንብቦ የዚያን ደግ ሰው ቤት እንዲያውቀው።