ተጨማሪ መረጃ፦ የአክሱም ሐውልቶች ከአለት እንዴት ወጡ?
ከአክሱም በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጎቦ ድራ ኮረብታ ላይ ተጀምረው የቀሩ ድንጋዮች ዛሬም አሉ። የጠራቢዎቹ ዘዴ በእነሱ ላይ በግልጽ ይታያል። በአለቱ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች በመስመር ይቆፍሩ ነበር፤ በየጉድጓዱ ሽብልቅ እየከተቱ አለቱ መስመሩን ተከትሎ እስኪሰነጠቅ ይመቱ ነበር። የተፈለጠውን ድንጋይ በገመድ እየጎተቱ፣ ከሥሩም ግንድ እያነጠፉ እንዳጓጓዙት ይገመታል።

ከባዱ ሥራ ግን ማቆሙ ነበር። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ 520 ቶን ያህልም ይመዝናል። መሬት ውስጥ እንዲቀበር የተተወለት ክፍል ግን ከ3 ሜትር ያነሰ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ድንጋይ በጣም ጥቂት! ብዙ ተመራማሪዎች ገና ሲያቆሙት እንደወደቀ ያምናሉ። ሲወድቅም ጫፉ ነፋስ ማውጫ የተባለውን መቃብር ጣሪያ መታው።