ለፊት ሎደር ሥራ የሚውል ያገለገለ ትራክተር አመራረጥ

በዋጃና በአካባቢው የራያ ቆላ ማሽላውና ጤፉ የሚበቅለው በማሳው ላይ በሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ እየተጠለፈ ወደ ማሳ ይመራል። ሆኖም ጎርፉ አሸዋና ደለል ይዞ ስለሚመጣ ቦዩ በየጊዜው ይደፈናል። ክረምት ሳይገባ ካልተጠረገ ውሃው ማሳውን ትቶ ያልፋል። ይህን ሥራ ለማቃለል ሎደር የተገጠመለት ያገለገለ ትራክተር ለመግዛት የሚያስብ ማኅበር የልማት ሠራተኛውን ምክር መጠየቁ አይቀርም። ስለሆነም ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ከዚህ በታች እናብራራለን።

ገዢ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። ለእርሻ ሥራ ይህ ተገቢ ነው። ለሎደር ሥራ ግን በቅድሚያ መታየት ያለበት የፊት አክስሉ ነው። 0.4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባልዲ በደረቅ ፍግ ሲሞላ ጭነቱ 200 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን በእርጥብ ደለል ሲሞላ 700 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ይህ ጭነት ከፊት አክስሉ 1.5 ሜትር ወደ ፊት ቢውልና በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ቢሆን፣ የኋላው አክስል በ525 ኪሎ ግራም ይቀልላል፤ በፊተኛው ላይ ደግሞ 1,225 ኪሎ ግራም ይጨመራል። ይኸውም የሎደሩ የራሱ ክብደት ሳይታሰብ ነው።

ከግዢ በፊት የሚከተሉት ይመርመሩ፦

1ኛ/ የፊት አክስል፦ በክሪክ ተነሥቶ እያንዳንዱ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅነቅ። ልቅነት ካለ ፔርኖው፣ ቦኮላው ወይም ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። በአክስሉና ሎደሩ በታሰረበት ቦታ የስንጥቅ ወይም የብየዳ ምልክት ይፈለግ። አዲስ ቀለም ብየዳን ሊሸፍን ስለሚችል በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ሃይድሮሊክ፦ በጠዋት ብርድ ብቻ አይፈተን። ዘይት ሲግል ስለሚቀጥን ያለቀ ፓምፕ ድካሙ የሚታየው በቀትር ነው። ግማሽ ሰዓት ካሠሩት በኋላ የተሞላው ባልዲ ይነሣ፤ ማንም ሰው ከሥሩ ሳይቆም ለ5 ደቂቃ ይታይ። ፈጥኖ ከወረደ ዘይት ያሳልፋል።

3ኛ/ ፍሪሲዮንና ማርሽ፦ ሎደር ቀኑን ሙሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ በመሆኑ ፍሪሲዮን ቶሎ ይበላል። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ባልዲው መነሣቱን ከቀጠለ ለሥራው ይመቻል፤ ከቆመ ግን ሥራውን ያጓትታል።

4ኛ/ መሪና ፍሬን፦ ባልዲው ተሞልቶ ይፈተኑ። በሃይድሮሊክ የማይታገዝ መሪ ነጂውን ያደክማል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በናዝሬት (አዳማ) የተቋቋመው ፋብሪካ ቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ስለነበር እነዚህን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት አያስቸግርም። ኤም ቲ ዜድ 80 በኋላ ጎማው ብቻ ሲነዳ፣ ኤም ቲ ዜድ 82 በአራቱም ይነዳል። የኋላው ጎማ ሲቀልል የፊተኛው ስለሚስብ 82 በደለል ላይ ይሻላል፤ ነገር ግን የፊት ጥርሶቹ ጥገና ወጪ ያስከትላል። እንደ ማሴይ ፈርጉሰን 135 ያሉ አነስተኛ ትራክተሮችን ለፍግና ለአገዳ እንጂ ለእርጥብ ደለል አንመርጥም።

ከተገዛም በኋላ ጥንቃቄ ያሻል። ከኋላ ማንሻው ላይ ማመዛዘኛ ክብደት ይንጠልጠል፤ ይህ የፊት አክስሉን ጭነት ያቀልላል። በኋላ ጎማ ውስጥ የሚሞላ ውሃ ግን ጎማውን መሬት ያስይዛል እንጂ የፊት አክስሉን አያሳርፍም። ባልዲው ዝቅ ብሎ ይጓጓዝ፤ ከፍ አድርጎ በቦይ ጠርዝ ላይ መሄድ ትራክተሩን ይገለብጣል፣ ሕይወትም ያጠፋል። ትራክተር ቡልዶዘር ስላልሆነ የደረቀ ደለል አስቀድሞ በማረሻ ይፈንቀል።

በመጨረሻም፣ በመጀመሪያው ምርመራ የወደቀ ትራክተር የቱንም ያህል ቢረክስ እንዳይገዛ እንመክራለን። በሰኔ አክስሉ የተሰበረበት ማኅበር የሚያጣው የመለዋወጫውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ጎርፍም ጭምር ነው።